አሥራ ሰባት ከሃያ አምስት

ሰው ሁሉ አንድ ጥያቄ ነው የሚጠይቀኝ። "አንቺ አየር መንገድ አይደለሽ የምትሠሪው? ከዚህ እዚያ ስንት ሰዓት ነው?" እኔ ደግሞ ደሜ ይፈላል። "በየትኛው ነፋስ?" እላለሁ። "በየትኛው መንገድ? ስንት ቶን ጭኖ?" ጠያቂው አፉን ይዞ ይቀመጣል። እናቴ አንድ ጊዜ ጠይቃኝ "እማዬ፣ ይሄ እኮ የአውቶቡስ መስመር አይደለም!" ብያት እስከ ማታ ሳታናግረኝ ዋለች።

ምን ላድርግ፣ ጥርሴን የነቀልኩበት ሥራ ነው። አንድ አውሮፕላን ከመነሳቱ በፊት መንገዱን የምሠራለት እኔ ነኝ። ስንት ኪሎ ሜትር፣ በምን ከፍታ፣ ነፋሱ ከፊት ነው ከኋላ፣ ስንት ቶን ነዳጅ፣ ስንት ሰዓት ከስንት ደቂቃ። ካፒቴኑ አይቶ ይፈርማል፣ ይበራል። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ መስኮት በሌለው ክፍል ተቀምጬ ዓለምን ስለካ ኖሬያለሁ። የሥራ ባልደረቦቼ "ቀይ እስክሪብቶ" ይሉኛል፤ የሰው ስህተት ሳገኝ በቀይ ከብቤ ስለምመልስ ነው። ከኋላዬ ነው የሚሉት፣ ግን ሰምቻለሁ፤ እውነቱን ለመናገር ደስ ይለኛል።

ክፍላችን ግድግዳ ላይ አንድ ሰዓት ብቻ ነው ያለው፤ የዓለም ሰዓት እንለዋለን፤ ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ እስከ ሃያ አራት ይቆጥራል። አውሮፕላን ከአገር አገር ሲዞር የየከተማውን ሰዓት እንከተል ብንል እብደት ነው፤ ስለዚህ ሁሉን ነገር በዚያ በአንዱ እንሠራለን። የእኛ ከተማ ሰዓት ከእሱ በአንድ ይቀድማል። የዛሬ ታሪኬ ያለባት ሩቋ ከተማ ደግሞ በሰባት ትቀድማለች። ይሄን በእንቅልፍ ልቤም አውቀዋለሁ። አውቀዋለሁ ነው ያልኩት።

ታናሽ እህቴ ነርስ ናት። ሩቋ ከተማ ያለ የሕፃናት ሆስፒታል ቀጥሯታል። ለዚህ ሦስት ዓመት ጠብቃለች፤ ፈተና፣ ቃለ መጠይቅ፣ ምርመራ፣ እንደገና ፈተና። በመጨረሻ ቪዛው መጣ። ነገር ግን መግቢያው እስከ ወሩ አሥራ አራት ብቻ ነው የሚል ማስጠንቀቂያ አለበት። አሥራ አራት ካለፈ ቦታዋ ለሚቀጥለው ተረኛ ይሰጣል፤ እሷም ሰልፉን ከጭራው ትጀምራለች። ሠላሳ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ሆስፒታሉ ደግሞ ከአርባ በላይ አይቀበልም። እንግዲህ ቁጥሩን ራሳችሁ ደምሩት።

ወደዚያ የምንበረው አንድ ቀን እየዘለልን ነው። "በአሥራ ሁለት ልሂድ" አለች እህቴ። እናታችን በዚያው ሰሞን ዓይኗን ቀዶ ጥገና ተደርጋ ነበር፣ ፋሻው የሚፈታው በአሥራ ሦስት። "ምን አስቸኮለሽ?" አልኳት። "ፋሻዋን አስፈትተሽ በአሥራ አራት ትሄጃለሽ።" የሥራ ሰሌዳዬን ከፈትኩ። መነሻ 08:00፣ መድረሻ 17:25፣ ቀን አሥራ አራት። "ከሰዓት በኋላ ትደርሻለሽ። እንኳን ለቪዛሽ ለሻይም ይተርፍሻል" ብዬ አፌን ሞልቼ ተናገርኩ። እሷም እናቴም አንድ ቃል አልተነፈሱም። ቤታችን ውስጥ የአውሮፕላን ነገር እኔ ካልኩ አለቀ።

በአሥራ አራት ጠዋት ገና ሳይነጋ አብረን በታክሲ ወጣን፤ እኔ ወደ ሥራ፣ እሷ ወደ ጉዞ። ሻንጣዋን ጉልበቷ ላይ አቅፋ ትኬቷን ታጣጥፋለች፣ ትዘረጋለች።

"እትዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ?" አለች።

"ፓስፖርትሽን ይዘሻል?"

"ይዣለሁ።"

"የእማዬን የዓይን ጠብታ የት እንዳደረግሽው ነግረሻታል?"

"ነግሬያታለሁ።"

"በቃ፣ ሌላ ጥያቄ የለም። በሌሊት ራሴን አታዙሪው።"

ሳቅ ብላ ትኬቷን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ተርሚናሉ በር ላይ ሳምኳትና ወደ ክፍሌ ገባሁ። ዓይኔ እንባ ሲያቀርር ሰው እንዳያየኝ ቶሎ ነው የሄድኩት።

የእሷን በረራ የምሠራው እኔ ነበርኩ። ርቀቱ ሰባት ሺህ ስድስት መቶ ኪሎ ሜትር ነው። ነፋሱ ከኋላ የሚገፋ፣ መንገድ መሀል ላይ ግን ሰፊ የማዕበል ደመና። እንደ ሁልጊዜው ሩቋ ከተማ ላለው ቢሯችን መልእክት ላክሁ፤ ሁለት መቶ አሥራ አራት መንገደኛ፣ መድረሻ 17:25። በ06:50 መልስ መጣ። ደረቅ የሥራ መልስ ነው፤ "ደርሶናል። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ስለምትገቡ የመንገደኞቹን ዝርዝር በቀን አሥራ አምስት አስመዝግበናል።"

አነበብኩት። ቀይ እስክሪብቶዬን አነሳሁ፤ እውነቴን ነው፣ ስህተታቸውን ልከብ። ከዚያ እጄ ቆመ።

አሥራ ሰባት ከሃያ አምስት ላይ ሰባት ስትጨምሩ እኩለ ሌሊት ካለፈ ሃያ አምስት ደቂቃ ነው። ቀኑ አሥራ አምስት ነው።

ወይ ጉዴ! ሃያ ሁለት ዓመት በዚያ ግድግዳ ሰዓት ስኖር፣ የገዛ እህቴን ሕይወት በእሱ ቆጠርኩት። ጭንቅላቴ ውስጥ ሌላ ሰዓት አልነበረም። ማንም መንገደኛ ትኬቱን አንብቦ የሚያውቀውን ነገር እኔ የበረራ እቅድ ሠሪዋ ሳትኩት። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት እኔ ነኝ።

ተነስቼ ልሮጥ አልኩ። ብሮጥስ ምን ልላት? ሌላ በረራ የለም። ብትቀር ቪዛው ዛሬ ይሞታል። ብትሄድ ደግሞ ሃያ አምስት ደቂቃ ዘግይታ ትደርስና ከኢሚግሬሽኑ መስኮት ይመልሷታል። እዚያ እኩለ ሌሊት ሲሆን የእኔ ግድግዳ 17:00 ይላል። ከዚያ በፊት አውሮፕላኑ አርፎ፣ በሩ ተከፍቶ፣ እሷ ፓስፖርቷን ለኢሚግሬሽን ሰውዬ ሰጥታ፣ ማኅተሙ መመታት አለበት። ያለኝ መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ ማሳጠር።

የሰሌዳው ሰዓት ትርፍ ደቂቃ ተጨምሮበት የተሠራ ነው፤ ያን ቀን ደግሞ ነፋሱ ከኋላ ይገፋል። ሁለት እቅድ ሠራሁ። አንደኛው ደመናውን በሩቁ ይዞራል፤ አየር ላይ ስምንት ሰዓት ከሠላሳ ሦስት ደቂቃ። በሰዓቱ ተነስቶ፣ ተንደርድሮ፣ ወርዶ፣ በር እስኪደርስ 16:52 ይሆናል፤ ያውም መንገድ ላይ ምንም ካልተፈጠረ። ሁለተኛው በደመናው ጠርዝ በኩል ይቆርጣል፤ ስምንት ሰዓት ከአሥራ አራት። አሥራ ዘጠኝ ደቂቃ! በወረቀት ላይ አይከለከልም፤ ጠርዝ ነው። ነገር ግን ያንን ደመና ሌላ ቀን አንድ ጀማሪ በዚያ በኩል ቢያሳልፈው እቅዱን በቀይ አቃጥዬ፣ እሱንም አፉን አስይዤ ነበር የምመልሰው።

ጣቴ የመላኪያውን ቁልፍ ነካ። እዋሻችኋለሁ? ነካ። ከዚያ ሁለት መቶ አሥራ አራት ሰው ታየኝ፤ እናት ልጇን አቅፋ፣ ሽማግሌ ቀበቶውን መቆለፍ አቅቶት። እህቴም እዚያው መሀላቸው ናት። ሁለተኛውን እቅድ ደመሰስኩት።

ተነሳሁና ወደ አለቃችን ሄድኩ። ሚዛን እንላቸዋለን፤ ቃላቸውን ሳይመዝኑ አይናገሩም። ዓይናቸውን እያየሁ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ሰሌዳውን፣ ቪዛውን፣ የደመሰስኩትንም እቅድ።

እኔ ግድግዳውን አያለሁ፤ 07:04።

"የደመሰስሽውን ለምን ነገርሽኝ?" አሉ።

"ደግሜ እንዳልሠራው።"

"ከዚህ በረራ ላይ እጅሽን አንሺ። እኔ እጨርሰዋለሁ። አንቺ ተቀምጠሽ ተመልከቺ፣ አንዲት ነገር እንዳትነኪ።" ስልኩን አነሱ። "ካፒቴኑ ማን ነው?"

ስማቸውን ስሰማ ሰማይ ተደፋብኝ። ተረኛው አባ ቀስ ናቸው። ካፒቴኖቻችን ሁሉ ቢሰለፉ እንደሳቸው ቀስ ባይ አይገኝም። ሲራመዱ ቀስ፣ ሲናገሩ ቀስ፣ የእኔን እቅድ ሲያነቡ መስመር በመስመር በጣታቸው እየተከተሉ። ስንት ጊዜ በስልክ "ኧረ ካፒቴን፣ ዛሬ ይነሱ ይሆን?" ብዬ ቀልጄባቸዋለሁ። ዛሬ የእህቴ ዕድል በእሳቸው እጅ ወደቀ።

ሚዛን ነገሩን በሁለት አረፍተ ነገር ነገሯቸውና ስልኩን ወደኔ ገፉት። "ሊያናግሩሽ ይፈልጋሉ።"

"ልጄ፣" አሉ አባ ቀስ፣ በዚያ በሚጎተት ድምፃቸው፣ "እኔ በሕይወቴ ቸኩዬ አላውቅም።"

"አውቃለሁ ካፒቴን።"

"የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። እኔ የማልቸኩለው ለምን እንደሆነ ግን ጠይቀሽኝ አታውቂም። ቀድሜ ስለምመጣ ነው። አሁን አውሮፕላኑ ውስጥ ነኝ፣ ምርመራዬን ጨርሻለሁ፣ ነዳጄን ሞልቻለሁ። መንገደኛው ቶሎ ከገባልኝ ከሰዓቴ በፊት መነሳት አይከለከልም። ወንበሯ ስንት ነው?"

"ሠላሳ ስምንት። መጨረሻው ላይ ነው።"

"ልንወርድ ስንል በሩ አጠገብ አስቀምጣታለሁ። ደመናውን ግን እዞረዋለሁ፣ ቅር እንዳይልሽ።"

"አይለኝም" አልኩ። ስልኩን ለሚዛን መለስኩላቸው።

በ07:46 ከማቆሚያቸው ለቀቅ አሉ፤ ከሰዓታቸው አሥራ አራት ደቂቃ ቀድመው! በ07:58 አየር ላይ ነበሩ። ስሌቱን ወረቀት ላይ ሠራሁት፤ መንካት እንጂ መደመር አልተከለከልኩም። ማረፊያ 16:31፣ በር 16:38። ሃያ ሁለት ደቂቃ ትርፍ። እጄን ወደ ላይ ዘርግቼ አመሰገንኩ።

ከዚያ በኋላ ያለው ቀን ቀን አልነበረም። ስክሪኑ ላይ አንዲት ትንሽ ቢጫ ምልክት ትንፏቀቃለች። በሰዓት ዘጠኝ መቶ ኪሎ ሜትር የሚሄድ ነገር እንዲህ ቆሞ ይታያል ብዬ አስቤ አላውቅም። ሌሎች በረራዎች ሠራሁ፤ አንዱን ሦስት ጊዜ አጣራሁት፣ በራሴ ላይ እምነት አጥቼ ነበር።

በእኩለ ቀን እናቴ ደወለች። "ስንት ሰዓት ቀራት?"

"አምስት ሰዓት ገደማ። እማዬ፣ ሥራ ላይ ነኝ።"

"እሺ እሺ፣ ዘጋሁ።"

ከሁለት ሰዓት በኋላ እንደገና ደወለች። "አሁንስ ስንት ቀራት?"

"እማዬ! ስትደርስ እነግርሻለሁ አላልኩም?"

"እሺ ልጄ፣ አትቆጪ።"

ዘጋሁባት። ምን ልበላት? ልጅሽን በገዛ እጄ ገደል አፋፍ አቆምኳት ልበላት? ሆድ ይፍጀው ብዬ ዋጥኩት።

በ13:40 ከአባ ቀስ መልእክት መጣ። ደመናው ሰፍቷል፤ ይበልጥ ርቀው ሊዞሩ ነው። አዲሱ ማረፊያ 16:43። ትርፌ ከሃያ ሁለት ወደ አሥር ወረደ። ሚዛን ከጀርባዬ ቆመው አነበቡ። እኔ አባ ቀስ ደመናውን በሰፊው ሲዞሩ ኪሎ ሜትር በኪሎ ሜትር ተከተልኩ። ደግሞ አፍሬ፣ ደግሞ ተናድጄ። "ትንሽ ጠጋ በሉ" አልኩ ለስክሪኑ። ወዲያው ምላሴን ነከስኩ፤ ያንን ደመና እኔም አይቼዋለሁ።

በ16:20 መውረድ ጀመሩ። በ16:31 ቢጫዋ ምልክት መዞር ጀመረች። ሩቋ ከተማ ላይ ወረፋ አለ፤ ተራ እስኪደርሳቸው አየር ላይ ክብ ይሥሩ ተብለዋል። አንድ ዙር አራት ደቂቃ ነው። ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ነገሩን ሰምቶ ኖሮ አጠገቤ ተሰብስቧል። በቀይ የከበብኳቸው ሁሉ! አንዱም አልሳቀብኝም።

አንደኛ ዙር አለፈ። "በቃ፣ ልቀቋቸው" አልኩ። ሁለተኛውን ጀመሩ።

"አፈር ስሆን!" ብዬ ጮህኩ፤ ማንን እንደምለምን እንኳ አላውቅም። ከዚያ ምልክቷ የማረፊያ መስመሯን ያዘች።

16:47 አረፉ። 16:53 በር ደረሱ። ሰባት ደቂቃ ቀረ። ከአውሮፕላኑ በር እስከ ኢሚግሬሽኑ መስኮት ስንት እርምጃ እንደሆነ አላውቅም። የሁለት ከተማ ርቀት በሜትር የማውቅ ሰው ያችን የመጨረሻ ኮሪደር አላውቃትም። ስክሪኑ ከዚያ በኋላ የሚያሳየኝ ነገር የለም። ስልኬን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ግድግዳውን አየሁ። አምሳ ስድስት። አምሳ ስምንት። አምሳ ዘጠኝ። አሥራ ሰባት ከዜሮ ዜሮ ሲሆን አንድ ሰው ትከሻዬን ያዘኝ፤ ማን እንደሆነ ዞሬ አላየሁም።

ስልኩ የጮኸው 17:22 ላይ ነው።

"እትዬ?"

"ተናገሪ!"

"ገባሁ። ሦስት ደቂቃ ሲቀረው መታልኝ። ሰውዬው ማኅተሙን ሳያነሳ ሰዓቱን አየና 'ሮጠሽ ነው የመጣሽው?' አለኝ። ጫማዬን እጄ ላይ ይዤ ነበር!"

እልል አልኩ። መሥሪያ ቤት ውስጥ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ጥርሴ ሳይታይ የኖርኩበት ክፍል ውስጥ እልል አልኩ። ሚዛን መነጽራቸውን አውልቀው ይወለውላሉ። ያቺ ቀይ እስክሪብቶ የት እንደወደቀች እስከ ዛሬ አላገኘኋትም።

"አይ የኔ እህት!" አልኳት እንባና ሳቅ እያነቀኝ። "ካፒቴኑ ከኋላ አንስተው ወደ በሩ ሲያመጡሽ እንዴት ደነገጥሽ? ምንም ሳታውቂ..."

"አውቅ ነበር እትዬ።"

"ምኑን?"

"በአሥራ አምስት እንደሚገባ። ትኬቱ ላይ ተጽፏል እኮ። የመጣ ዕለት ነው ያየሁት።"

ትኬቱ የመጣው ከጉዞው ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ነው። ያን ቀን በአንዲት የስልክ ጥሪ ወደ አሥራ ሁለት ይቀየር ነበር።

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?"

"መጀመሪያ እኔ ያልገባኝ ነገር አለ ብዬ ነው። አንቺ እኮ ነሽ ያልሽው። ሁለት ጊዜ ልጠይቅሽ ሞከርኩ። ዛሬ ታክሲ ውስጥም..." ትንሽ ሳቀች፤ ሳቋ ግን ሳቅ አልነበረም። "ትቆጪያለሽ ብዬ ፈራሁ።"

"ስምንት ሰዓት ሙሉ ይመልሱኛል እያልሽ በረርሽ?"

"እማዬ 'እሷ የምታውቀው ነገር ይኖራል፣ አታናድጃት' አለችኝ።"

እማዬ። ሰዓት እየቆጠረች ስትደውል የዋለችው እማዬ።

ማታ ቤት ስገባ ጥቁር መነጽሯን አድርጋ ከስልኩ አጠገብ ተቀምጣ ነበር። እህቴ ደውላላት ሰምታለች፤ ጉንጯ ገና እርጥብ ነው። እኔን ስታይ ግን ቶሎ ጠረገችውና ለመነሳት ተደገፈች።

"ታውቂ ነበር?" አልኳት።

"ደክሞሻል፣ እራት ላቅርብልሽ?"

"እማዬ፣ ታውቂ ነበር ወይ?"

"እኔ ምን አውቃለሁ ልጄ" አለች፣ የቀሚሷን ጫፍ እያጣጠፈች። "እኔ ስለ አውሮፕላን ምን አውቃለሁ።"

እናቴ ትፈራኛለች። የወለደችኝ እናቴ፣ በገዛ ቤቷ። ጉልበቷ ሥር ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። እጇን ያዝኩት።

"ጠይቂኝ" አልኳት።

"ምን ልጠይቅሽ?"

"የፈለግሽውን። ደደብ ጥያቄ ይሁን፣ አሥር ጊዜ ይሁን።"

አሰበች። በመነጽሯ በኩል ግድግዳችን ላይ ያለውን ሰዓት ቀና ብላ አየች።

"አትቆጪም?"

"አልቆጣም።"

"እዚያ አሁን ስንት ሰዓት ነው?"

ሁላችንን ከዚህ ሁሉ የሚያድነን ጥያቄ ይሄ ብቻ ነበር። እኔም ሳልቸኩል፣ በጣቴ እየቆጠርኩ፣ በቤታችን ሰዓት ላይ ስድስት ጨመርኩላት።

"ሌሊት ስምንት ሰዓት ነው እማዬ" አልኳት። "ቀኑም አሥራ አምስት ነው።"